ጉድጓድ ውስጥ ያደገችው በቅሎ

የአክስቴ የውዴ የሠርግ በቅሎ ያደገችው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ይህን ስል የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔ ግን ሽታዋን በአፍንጫዬ አሽትቻለሁ፣ ስትራገጥም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ በርና መስኮት የምሠራ፣ ወንዶቹ አናጢዎች ሳይቀሩ «እትዬ ምስራቅ» እያሉ የሚታዘዙኝ ትልቅ ሴት ነኝ። ቢሆንም በበቅሎ የሚሄድ ሰው በደጄ ሲያልፍ ካየሁ መላጊያዬን አስቀምጬ ቆሜ አያለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል።

ቤታችን ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው ቁልቁል ከሚታይበት ጉብታ ላይ ነበር። የምንኖረው አያቴ ካሳ፣ የእናቴ እህት ውዴና እኔ ነን። እናቴ ጅዳ ነበረች፤ እኔ የማውቃት በስልክ ድምፅዋ ብቻ ነው። ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ገላዬን የምታጥበኝ፣ ሳጠፋ የምትቆነጥጠኝ ውዴ ነበረች። ታዲያ ያን ዓመት ውዴም ዓረብ አገር ልትሄድ ነው የሚል ወሬ ጆሮዬ ገባ። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ የሚወስዳት ሰው ወልዲያ ይጠብቃታል፤ ጥምቀት ካለፈ ትነሣለች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበር።

እንዳትሄድ የሚያደርጋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትዳር። ከአጥራችን ማዶ የሚኖረው አናጢው ጌታሰው ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። አያቴ ግን እንቢ ብለዋል።

ምክንያታቸው በር ነበር። ባለፈው ክረምት ጌታሰው ከአያቴ የባሕር ዛፍ ተክል በተቆረጠ እንጨት አዲስ መዝጊያ ሠርቶልን ነበር። በእኛ አገር በዋግ ጽዱም ወይራውም ካለቀ ቆይቷል፤ ያለው ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ውኃ ያዘለ ነው፤ የዋግ ደረቅ ነፋስ ሲያገኘው እንዳልለፋ ቆዳ ይኮማተራል። መዝጊያው እስከ መስቀል ልክክ ብሎ ሲዘጋ ከረመና በጋው ሲገፋ የላይኛው ጫፉ ወደ ውጭ፣ የታችኛው ወደ ውስጥ ዞረ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፍየሎቹ በክፍተቱ ገብተው የዘር ማሽላችንን ሲቆረጥሙ አገኘናቸው። አንዷማ የአያቴ መደብ ላይ ወጥታ ቆማ ነበር። እኔ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚያስቅ ነገር አይቼ አላውቅም፤ አያቴ ግን አልሳቁም።

ግንቦት ላይ ጌታሰው ሽማግሌ ላከ። መርጌታ አሥራተ ማርያም ሌሎቹን አስከትለው መጡ፤ እኔ ከጎታው ጀርባ ተቀምጬ እሰማለሁ።

«አቶ ካሳ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ መርጌታ። «ጌታሰው ሠርቶ የሚበላ፣ ሰው አክባሪ ነው።»

«ለልጁስ እንከን አይወጣለትም» አሉ አያቴ። «እንጨት ግን አይታዘዝለትም። ፍየል የሚያስገባ በር ሠርቶ የሰጠኝ ሰው ልጄን በምን ቤት ሊያኖራት ነው? የውዴ እናት ወደዚህ ቤት የገባችው በበቅሎ ተቀምጣ ነው። እሱ ምን ይዞ ሊመጣ ነው፣ ያንን ጠማማ ሳንቃ?»

«በሩ እኮ ይስተካከላል።»

«ሲስተካከል እናየዋለን። እስከዚያ እንጨቱን ልይ ብዬ እግሬ ግቢው አይገባም፤ ብያለሁ።»

እሳቸው «ብያለሁ» ካሉ አለቀ። የድንበር ጠብ ሲነሣ ሁለቱም ወገን በምስክርነት የሚጠራቸው ሰው ነበሩ። ቀልድ እንኳ ሲያወሩ ያልሆነ ቃል አይጨምሩም፤ ቀልዳቸው የማያስቀው ለዚያ ይመስለኛል።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ለጌታሰው የጎደለው በቅሎ ነው። በቅሎ ካገኘ ውዴን ያገባታል፣ ውዴም ከአጥር ማዶ ትኖራለች እንጂ ዓረብ አገር አትሄድም። በሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ክረምቱ ሲገባ ጌታሰው ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። በሁለቱ ግቢ መካከል የቅንጭብ አጥር ነበር፤ እኔም አጮልቄ የማይበት ቀዳዳ ነበረኝ። ጉድጓዱ ረጅም ነው፣ ሰው እስከ ወገቡ ይውጣል። ውስጡን ላስቲክ አለበሰው፤ ውኃ በአህያ እያመላለሰ ሞላው። ከዚያ ዝናብ ጣለና ውዴ ጎትታ ቤት አስገባችኝ። በማግስቱ ስመጣ ጉድጓዱ በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ምን እንዳስገባበት አላየሁም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ውዴ በነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ሸጉጣ ወደ ጌታሰው ግቢ ሾለከች። ሮጬ ቀዳዳዬ ላይ ተለጠፍኩ። ከነጠላዋ ያወጣችው ጨው ነው፤ ከአፋር በግመል መጥቶ ገበያ የሚሸጠው፣ አያቴ ለከብቶቹ የሚያኖሩት አሞሌ ጨው። ጌታሰው ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጎ ጨውን እየፈረካከሰ ጨመረው። ከማዳበሪያ ከረጢትም ነጭ ነጭ ፍሬ እየዘገነ ጨመረ።

«ይጠጣል?» አለች ውዴ።

«ቀስ እያለ ይጠጣል። ገና ርጥብ ነው።»

«አባቴ እንዳያዩት።»

«ቀጥ ብሎ እስኪቆም ማንም አያየውም። ካሁኑ ከታየ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

ሰነባብቶ ሽታው መጣ። ዓይን የሚያስለቅስ የሽንት ሽታ ነው፤ ከገበያ ማደሪያው የበቅሎ ጋጥ የሚወጣው ዓይነት። አንድ ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቀዳዳዬ ላይ እንዳለሁ ከቆርቆሮው ሥር ዱም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆየና እንደገና ዱም አለ፤ አንድ ድንጋይም ከላዩ ተንከባለለ።

ዋግ ውስጥ የተወለደ ልጅ ጨው የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ያውቃል። ጨው ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ይራገጣል፤ ገና ርጥብ ነው፣ ቀጥ ብሎ መቆም አልቻለም። ጌታሰው የሚያስፈልገው ደግሞ በቅሎ ነው። ከዚህ በኋላ ምኑ ይጠየቃል? ለምን ጉድጓድ ውስጥ ደበቃት ለሚለኝም መልስ ነበረኝ፤ የሠርግ በቅሎ ታምራለች፣ ያማረን ነገር ደግሞ ዓይን ይበላዋል። እኔንም ውዴ ሕፃን ሳለሁ ፊቴን ጥላሸት ሳትቀባ ገበያ ይዛኝ አትወጣም ነበር።

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ውዴ አትሄድም፣ በቅሎዋ እያደገች ነው። በየቀኑ ለምለም ሣር እየነጨሁ በአጥሩ ላይ ወደ ጉድጓዱ እወረውር ነበር። ጌታሰው ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ሣር እያገኘ ግራ ተጋብቶ ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

አሁን እንጨት እንጀራዬ ነውና ጉድጓዱ ውስጥ የነበረውን ልናገር። ሳንቃ ነው፤ አዲስ የተሰነጠቀ ርጥብ የባሕር ዛፍ ሳንቃ። ጌታሰው ኮምቦልቻ አንድ እንጨት ቤት ተቀጥሮ ሳለ የሰማውን ነገር ነበር የሚሞክረው። ጣውላ የሚጣመመው ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና ውኃ እንደያዘ ስለሚቀር ነው፤ አንዱ ሲጎትት ሌላው እንቢ ሲል እንጨቱ ይዞራል፣ ይሰነጠቃል። ርጥቡን ጣውላ ጨውና ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ካከረሙት ግን ያ ነገር እንጨቱ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ላዩ ቶሎ እንዳይደርቅ ይይዘዋል፣ ውኃው ለቆ የሚሄደውንም ቦታ ይሞላል። እንጨቱ ከላይም ከውስጥም እኩል ይደርቃል፣ ብዙም አይኮማተርም። ሽታው የዩሪያው ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲከርም እንደዚያ ይሸታል። የሚራገጠው ደግሞ ልንሳፈፍ እያለ ቆርቆሮውን የሚገፋ ሳንቃ ነው። ያኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ ግን እንኳን ላምነው አልሰማውም ነበር።

ፍልሰታ እንደተፈታ አያቴ ከበረቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ምስራቅ፣ ነይ እስቲ። የከብቶቹ ጨው እየጎደለ ነው። አይጥ ጨው ይበላል እንዴ?»

«አይበላም፣ አባባ።»

«ታዲያ ማነው?»

ምስጢሩ ሆዴን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር። «ለውዴ እንዳይነግሯት።»

«አልነግራትም።»

«በቅሎዋ ናት የምትበላው።»

«የማን በቅሎ?»

«የጌታሰው። ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ ገና መቆም አልቻለችም። ለውዴ ሠርግ ነው፣ ዓይን እንዳይበላት ነው የደበቋት። ሣር የምሰጣት እኔ ነኝ።»

አያቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ጉልበታቸውን አቀፍኩ።

«በቅሎ ካለውማ» አሉ በመጨረሻ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሄጄ ማየት አለብኝ። አልገባም ያልኩት እንጨቱን ለማየት ነው። ስለ በቅሎ ያልኩት ነገር የለም።»

ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የጌታሰው በራፍ ላይ ስንደርስ «አንቺ እዚህ ጠብቂኝ፤ ሰው ከበዛባት ትደነብራለች» አሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የጌታሰው ድምፅ ሲንተባተብ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮው ሲፋቅ፤ ከዚያ ውኃው ሲንቦጫረቅ። ኋላ ላይ አያቴ በኽምጣንጋ፣ በአገራችን አገውኛ፣ አንድ ነገር ሲጠይቁ ሰማሁ። ኽምጣንጋ የሚያወሩት ወይ ሲናደዱ ወይ ነገሩ ሲጥማቸው ነውና የቱ እንደሆነ ጨነቀኝ። ሲወጡ እጃቸው እስከ ክርናቸው ርሷል።

«አዩዋት?»

«አየኋት።»

«መልኳ ምን ዓይነት ነው?»

ይህን ሲጠየቁ አያቴ ቆሙ። ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ዱላቸው አዩ፣ ወደኔ አዩ። «ዳለቻ» አሉ ቀስ ብለው። «ዳለቻ ናት።»

«ታምራለች?»

«ካልተጣመመች ታምራለች።»

«እግሯ ነው የሚጣመመው?»

«እግሯም፣ ወገቧም። በጋው ሲገባ እናያለን።»

ውዴ በኋላ እንደነገረችኝ አያቴ ጨው መጉደሉን ያወቁት ከመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ገበያ በወጡ ቁጥር ከብቶቹ ከሚበሉት በላይ እየገዙ የውዴ እጅ ከሚደርስበት ቦታ ያኖሩት ነበር። የአባትነት አንጀታቸው ልጃቸው ጅዳ እንድትሄድ አይፈልግም፤ አንዷ ሄዳባቸዋለች። ግን ብያለሁ ብለዋል፤ ግቢው የሚያስገባቸው ሰበብ አጥተው ነበር የከረሙት። ሰበቡን ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ፣ በበቅሎ ጭኜ።

መስከረም ሲጠባ ጉድጓዱ ተከፈተ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ስመለስ ባዶውን አገኘሁት። ከጌታሰው ቤት ጀርባ ባለው ዳስ ሥር ግን በጆንያ የተጋረደ ነገር ነበር። አያቴን ስጠይቃቸው «ወደ ጥላ ተዛውራ ነው፤ ፀሐይ ካገኛት ትጎዳለች» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በቅሎዋን ሳያዩ የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነው። ማታ ማታ ወሬዋን ያመጡልኛል። ጥርስ አውጥታለች። ጅብ ሲጮህ ጆሮዋን ታቆማለች። ሣሬን ወዳዋለች። በእውነቱ የሚሠሩት ሳንቃዎቹ ላይ ክር እየወጠሩ መቅናታቸውን ማየት፣ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን መዳበስ፣ ነፋስ በመካከላቸው እንዲያልፍ በጭራሮ መለያየት ነበር። ከጌታሰው ጋር እንዲህ ተዋደው ውዴ «እኔን ነው ወይስ አባቴን ነው የሚያገባው?» እስክትል ደረሰች።

ኅዳር ላይ ጌታሰው ጠማማውን በር ነቅሎ አዲሱን ገጠመ። ጨው ብረት ይበላልና ሳንቃዎቹን ያያያዘው በእንጨት ምስማር ነው። ከሁሉ የሚያስቀው የፍየሎቹ ነገር ሆነ፤ ተሰልፈው በሩን ይልሱት ጀመር። «የፊተኛው ፍየል ያስገባ ነበር፤ ይህኛው ደግሞ ከገበያም ይጠራል» አሉ አያቴ፤ ያቺ ሰው ያሳቀች የመጀመሪያ ቀልዳቸው ትመስለኛለች። ጌታሰው የኑግ ዘይት ደጋግሞ ቀባውና ፍየሎቹ ተዉት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ታኅሣሥን ሙሉ ከንፈር እየሰነጠቀ ነፈሰ። አያቴ ጠዋት በሩን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፣ ዓይናቸውን ጠርዙ ላይ ያደርጋሉ። ውዴ ከምድጃው ሆና ትንፋሿን ይዛ ታያቸዋለች። ገና በዋለ ማግሥት በሩን ዘግተው ጀርባቸውን ሰጡትና «መርጌታን ጥሪልኝ» አሏት። ውዴ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ በቅሎዋ ቆማ መሄድ ቻለች ማለት ነው ብዬ ዘለልኩ። ፓስፖርቷን ግን አልጣለችውም፤ አባቷን ታውቃቸዋለችና ሳጥኗ ሥር አኖረችው።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ዳሱ ተጣለ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ከበሮው ከጠዋት ጀምሮ ይደልቃል። ጌታሰውና ሚዜዎቹ ለወጉ ያህል ከታች ዞረው እየተዘፈነላቸው ዳገቱን ወጡ፤ ከኋላቸው የመርጌታ አሥራተ ማርያም በቅሎ ተጊጣ ትመጣለች። ጥቁር ናት፤ እንደ ከሰል የጠቆረች። አያቴ ሊቀበሏቸው ወጡና በቅሎዋን አዩ፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህች አትሆንም» አሉ።

«ምነው ምን ሆነች?» አሉ መርጌታ።

«አትሆንም ብያለሁ። ሳልመጣ ሙሽራዋ ከቤት እንዳትወጣ።»

ዱላቸውን አንሥተው በቁልቁለቱ ወረዱ። ከበሮው ቆመ። ሰው በሹክሹክታ «ካሳ ሐሳባቸውን ለወጡ» ይባባል ጀመር፤ «መቼም ልጁን ከልባቸው አልወደዱትም» የሚልም አልጠፋ። ጌታሰው ከሚዜዎቹ ተነጥሎ መጣና የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበሰው፤ ተጣሞ እንደሆነ ብሎ ነው። በሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቢሆንም ደግሞ ዳበሰው።

ውዴ መጋረጃው ውስጥ ናት፤ ኩሏ በጉንጯ ወርዷል። ፀሐዩ ዘንበል ሲል ለሚዜዋ «ያንን ፓስፖርት ከሳጥኔ አውጪልኝ» አለቻት። ያን ቤት ከሞላው ሰው ሁሉ ያልደነገጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አታልቅሺ» አልኳት ቀሚሷን ይዤ። «ያቺኛዋ እኮ የኛ አይደለችም። አባባ የኛዋን ሊያመጧት ነው የሄዱት።»

«የኛዋ የትኛዋ ናት?»

«የጉድጓዷ። ዳለቻዋ።»

ውዴ ትኩር ብላ አየችኝ። ምን እንዳልኳት አልገባትም፤ እቅፍ አድርጋ ግን ያዘችኝ፣ ፓስፖርቱንም ሳትነካው ቆየች።

ከደጅ እልልታ ሲፈነዳ ሮጬ ወጣሁ። አያቴ በዳገቱ እየመጡ ነው፤ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል፣ ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። በልጓም የሚስቧት በቅሎ ዳለቻ ናት። ሰዉን ሁሉ አልፈው፣ መርጌታንም ጌታሰውንም አልፈው፣ እኔ ፊት መጥተው ቆሙ።

«ይኸው» አሉኝ።

«አደገች!» አልኩ።

«አደገች።»

እግሯን አየሁ፣ ወገቧን አየሁ። «አልተጣመመችም።»

«አልተጣመመችም» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ውዴን በእጃቸው ይዘው አወጧት፤ እሳቸው ራሳቸው አንሥተው አስቀመጧት። ከበሮው ተነሣ። ውዴ ከበቅሎዋ ላይ ሆና እየሳቀች ታለቅሳለች፣ ጌታሰው ሰው ሳያፍር ይዘላል። እኔም ከአጥር እስከ አጥር ብቻ የሆነችውን መንገድ ሠርገኛው ዙሪያ ጥምጥም እየዞረ ሲሄድባት የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ዘፈንኩ።

እስክጎለምስ ድረስ የማውቀው ይህን ነበር። ጌታሰው ሙያውን ሲያስተምረኝ የጉድጓዱን ነገር ደረስኩበት፤ ዳለቻዋ ከየት እንደመጣች ግን የነገረችኝ ውዴ ናት፣ አያቴ ካረፉ በኋላ። እሷም የሰማችው ከበቅሎዋ ባለቤት ከወለተ ገብርኤል ነው፤ ከሸለቆው ማዶ የምትኖር ባልቴት ነበረች። አያቴ በዕድሜያቸው ከሰው ተውሰው የማያውቁ ሰው የሴትዮዋ ደጅ ላይ ቆመው ለመኗት። እሷም ግራ ገብቷት፣

«ካሳ፣ ሠርገኛ እየጠበቀዎት፣ ጥቁር ብትሆንስ ምን ነበረበት?» አለቻቸው።

«ለልጅቱ ዳለቻ ናት ብያታለሁ» አሏት፤ ልጓሙን ተቀብለውም ወጡ።